በጨለማ ክፍል ያበቀልኩት አተር

ባለፈው ወር ከሥራ ወጣሁ። ያባረረኝ የለም፤ ሥራው ራሱ ተለወጠ። ለሰባት ዓመት ስዘራበት፣ ስለካበትና ስጠርገው የኖርኩት የጨለማ ክፍል አሁን የባዶ ጠርሙስ ማስቀመጫ ሆኗል። ዛሬ ተክል የሚራባው በጠርሙስ ውስጥ ነው። ከቅጠል ላይ ጥፍር የምታህል ይቆርሱና፣ ሆርሞን ቀላቅለው በሠሩት እንደ አጥሚት በረጋ ነገር ላይ ያስቀምጧታል፤ እሷም እዚያው ሥር ታወጣለች፣ ቅጠል ታወጣለች። የሚሠሩትም ነጭ ካባ የለበሱ፣ ሰርተፍኬት ያላቸው ልጆች ናቸው። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ወገቤ እንደ ድሮው አልታጠፍ ያለኝ ሴት ነኝ። "በቃኝ" አልኩ፤ እነሱም በክብር ሸኙኝ።

እዚህ ናይሮቢ ያሉ ያገሬ ሴቶች "ምን ነበር የምትሠሪው?" ሲሉኝ "አተር ነበር የማበቅለው" እላለሁ። "ለሽሮ?" ይሉኛል። "ለሽሮ አይደለም፤ ለምርምር ነው" ስላቸው ይሳሳቃሉ። አንዷማ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያላት፣ "እኔ ዘንድ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አተሩ ይበላ ነበር" ብላኛለች። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ። ግን ሥራዬ ስቀው የሚያልፉት ሥራ አልነበረምና፣ እንደምችለው ጽፌ ላስቀምጠው።

ከሁሉ በፊት ፈሪ መሆኔን ልናገር። ዛሬም ሰው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ በዓይኔ የምፈልገው ልጄን ነው። ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብሩክ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ግን የሃያ ዓመት ሰው ቁመት ነበር። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር፤ ልጁም እሱን መስሎ ወጣ። ቀበሌ ለውትድርና ወጣት በሚመዘግብበት በዚያ ጊዜ፣ ረጅም ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ አልነበራትም። ዕድሜውን በወረቀት ባሳይም፣ ቁመቱን ያየ ሰው ወረቀቱን አያነብም። አንድ ቀን የቀበሌው ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራሱ አየውና "ይሄ ደርሷል" አለ። በሳምንቱ ያለኝን ሸጬ በሞያሌ በኩል ወጣን። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ አላወራም።

ናይሮቢ መጀመሪያ የሠራሁት ኪሊማኒ ውስጥ ሰው ቤት ነው፤ ልብስ ማጠብና ወለል መወልወል። የቤቱ እመቤት ወደ አገሯ ስትመለስ ለአንድ የምታውቀው ሰው ነግራ አስቀጠረችኝ። ሰውየው ፓርክላንድስ ዳር ያለ የአንድ ትንሽ የእፅዋት ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ዶክተር ዴሳይ ይባላል። አያቶቹ ከህንድ የመጡ፣ እሱ ግን እዚያው ናይሮቢ የተወለደ፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የቀጠረኝ የችግኝ ጣሳ እንዳጥብ ነበር። ደመወዙ ያው ለቤት ኪራይና ለእህል ነው። ዋናው ነገር ጣቢያው በየዓመቱ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ ነበር፤ ለእኔም ለብሩክም የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስልን በዚያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከሌለ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ወደ ድንበሩ መሸኘት ይመጣል። ድንበሩ ላይ ደግሞ ረጅም ልጅ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የኔ ሒሳብ ይኸው ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ምዜ ካማው ነው። ምዜ በስዋሂሊ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እሱም በአገሩ ልማድ በልጄ ስም "ማማ ብሩክ" ይለኝ ነበር፤ ጣቢያው ውስጥ ሌላ ስም አልነበረኝም። ምዜ ተማሪ ቤት ብዙ አልቆየም፤ እጁ ግን ያልተማረው ነገር አልነበረም። ሲቆጥር አይናገርም፤ ሰው ቢጠራው አንድ ጣቱን አንሥቶ ያስቆመዋል እንጂ ቀና አይልም። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚጽፈው የተበላሸውን ነው፤ "ያማረውን ማንም አይረሳውም" ይላል። ሥራው ያለቀ ጣሳ እንኳ ቢሆን ሁለት ቀን ሳያቆይ አይደፋም።

ጠዋት ደግሞ ችግኝ የሚያድግበትን የመስታወት ቤት በር ከፍቶ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ፣ "ሻሂዲ ዩኮ ዋፒ?" ይላል። ምስክሩ የት አለ ማለት ነው። ምስክር የሚለው ምንም ያልተደረገበትን ጣሳ ነው። አሥር ጣሳ ላይ መድኃኒት ከተጨመረ፣ ከዚያው ዘር፣ በዚያው አሸዋ፣ እዚያው ቦታ ላይ መድኃኒት ያልነካው አንድ ጣሳ አብሮ መቆም አለበት። "እሱ ከሌለሽ፣ ያየሽው ነገር ከመድኃኒቱ ይሁን ከፀሐዩ በምን ታውቂያለሽ?" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ጣሳ ከማጠብ አውጥቶ ያስገባኝ የአበባ ቁራጭ ወደሚተከልበት ቤት ነው። ካርኔሽን የሚባለው አበባ የሚራባው በዘር ሳይሆን በቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ከአንጓው ሥር ለጥቆ በሰላ ምላጭ ይቆረጣል፤ መቀስ ያደቅቀዋል። የተቆረጠው ጫፍ ነጭ ዱቄት ይነካና ትርፉ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል። አሸዋው አስቀድሞ በእንጨት ካልተበሳ፣ ሲተከል ዱቄቱ ይፋቅና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ዱቄቱ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ነው። ሲበዛ ግን በተቃራኒው ቅርንጫፉ ጠቁሮ ይበሰብሳል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን "ይጠንክር" ብዬ አብዝቼ አንድ ሳጥን ሙሉ አበስብሻለሁ። ምዜ አልተቆጣም፤ በደብተሩ መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈው።

"ሆርሞን ምንድነው ግን?" ብዬ ስጠይቀው፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ የመሐሉን ጫፍ ቆንጥሮ ጣለና "በሳምንቱ ተመልከቺው" አለኝ። በሳምንቱ በየቅጠሉ ብብት ተኝተው የነበሩት የጎን ቡቃያዎች ሁሉ ነቅተው ወጥተዋል።

"ጫፍ ላይ ያለችው ቡቃያ ወደ ታች የምትልከው ነገር አለ። እሷ እስካለች ሌሎቹ አይነሡም" አለኝ ምዜ።

"እንደኛ አገር ሊቀ መንበር ነቻ" አልኩት።

ምዜ ሲስቅ እንዳላየው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ጫፍ መቆንጠጥ ሲኖርብን "ማማ ብሩክ፣ ሊቀ መንበሩን አውርጂ" ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ጨለማው ክፍል ተሻገርኩ። ክፍሉ መስኮት የለውም። የሚበራው አንድ አረንጓዴ አምፖል ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ብርሃን ለሰው ዓይን ይበቃል፣ ተክሉን ግን ብዙም አይቀሰቅሰውም። ግድግዳው ላይ ሦስት ትልልቅ የእንጨት ቁም ሳጥኖች አሉ፤ በነሱ ውስጥ በየትሪው አተር ይዘራል። በጨለማ የበቀለ አተር ነጣ ያለ፣ ቀጭንና ረጅም ነው፤ አናቱ እንደ ከዘራ ቆልመም ብሎ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይምዘገዘጋል። የኔ ሥራ መዝራት፣ በየቀኑ መለካትና መጻፍ ነበር። ቁጥር ብዙ ጊዜ ይምታታብኝ ስለነበር ቁመቱን በክር እለካና ክሩን በኋላ ማስመሪያ ላይ እዘረጋዋለሁ። ዶክተር ዴሳይ አንድ ቀን አብሮኝ ለክቶ ልዩነት ስላላገኘብን ክሩን ተወልኝ።

ስለ ጂን ያስረዳኝ ራሱ ዶክተሩ ነው። ድንክ የሚባል የአተር ዘር አለ፤ ከጉልበት አያልፍም። "ጂን ከእናትና ከአባት የሚወረስ ትእዛዝ ነው፤ ዘሩ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። የዚህ ድንክ ትእዛዝ ጉድለት አለበት፤ የሚያረዝመውን ሆርሞን በበቂ አያሠራም። አንቺ አሁን ጨምሪለት" አለኝ። በዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያ አንድ አንድ ጠብታ ቅጠሉ ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ ሳይቆይ ድንኩ ከረጅሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። ጠብታ ያልነካው ምስክር ግን እዚያው እግራችን ሥር ቀረ። ከዚያ የረዘመውን ድንክ ዘር ለቅሜ መልሼ ዘራሁ፤ ልጆቹ ድንክ ሆነው በቀሉ። "አየሽ" አለኝ ዶክተሩ፣ "ሆርሞኑ የለወጠው አካሉን ነው። ትእዛዙን አልነካውም።" ቤት ስገባ ብሩክ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ጋደም ብሎ ሲያነብ አየሁትና ብዙ ቆሜ አየሁት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ዶክተር ዴሳይ ብዙ የአተር ዓይነት እያዳቀለ ነበር። የሚፈልገው አጭርና ወፍራም አገዳ ያለው፣ ዝናብና ነፋስ የማይጥለው አተር ነው። ድቅሎቹን በቁጥር እንጠራቸዋለን። በዚያው ሰሞን ምዜ ወንድሙን ሊቀብር ወደ አገሩ ሄደና እሱም እዚያው ታሞ ሰነበተ። ጨለማው ክፍል ለኔ ብቻ ተተወ። ምዜ ቢኖር ኖሮ የየቁጥሩን ትሪ በሦስቱም ቁም ሳጥን አከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምስክር ያስቀምጥ ነበር። እኔ ግን ለመለካትና ለመጥረግ እንዲመቸኝ ብዬ እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ አንድ ቁም ሳጥን ሰበሰብኩት። ሦስተኛው ቁም ሳጥን ለአሥራ አራት ቁጥር ብቻ ደረሰ። ምስክሮቹን ሁሉ አንደኛው ውስጥ አጎርኳቸው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። የጣቢያው ሠራተኛ ሻይ የሚያፈላው ከወተት ጋር ነው፤ በቆሎና ባቄላውም የሚጠበስበት የቆርቆሮ ቅባት የከብት ነው ሲባል ስለሰማሁ አልነካውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆይና ሙዝ እበላለሁ። ከገበያ ጥሬውን ብገዛው ሳምንት ይቆይልኛል፤ የሚበስልበት ሞቅ ያለ ቦታ ግን ያስፈልገዋል። ከጨለማው ክፍል ቁም ሳጥን የበለጠ ሙቅ ቦታ አልነበረም። ሦስተኛው ደግሞ ከትሪዎቹ ጀርባ ክፍት ቦታ ነበረው። ጥሬ ሙዝ በጋዜጣ ጠቅልዬ እዚያ አስቀመጥኩ። ቀድሞ ያስቀመጥኩት ሲበስል ሌላ ጥሬ እጨምራለሁ። ጾሙን በሙሉ እንደዚያ ነበር።

ዘሩ በበቀለ በሳምንቱ የአሥራ አራት ቁጥር አተር እንደ ሌላው አልሆነም። አጭር ነው። አገዳው ጣት ያህላል። ሽቅብ በመሄድ ፋንታ ወደ ጎን ተኝቶ ይሄዳል። ዶክተሩን ጠራሁት። በአረንጓዴው ብርሃን ጎንበስ ብሎ አገዳውን በጣቱ ዳሰሰው። "ድገሚው" አለኝ። እዚያው ሦስተኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ያን ቀን ዶክተር ዴሳይ ለጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ሶዳ አስመጣ። አዲስ ጂን አግኝተናል አለ። ውጭ አገር ላሉ ፕሮፌሰሮች ጻፈ፤ እነሱም መጥቶ በስብሰባ ላይ እንዲያቀርብ ጠሩት። ለኔም "ጥሩ ሠርተሻል፣ ማማ ብሩክ" ብሎኛል። ያን ቃል ይዤ ቤቴ ስገባ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ፋሲካ ዋለ። ጾሙ ስላለቀ ሙዝ ቀረ። በበዓሉ ሳምንት ዶክተሩ ፎቶ የሚያነሣው ሌላ ትሪ ፈልጎ አሥራ አራት ቁጥርን እንደገና ዘራሁለት፣ በዚያው በሦስተኛው ቁም ሳጥን። ብዙም ሳይቆይ ስከፍተው አተሩ ቀጥ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ አናቱን እንደ ከዘራ ቆልሞ ቆሟል። እንደ ማንኛውም አተር።

መጀመሪያ ዘር የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከረጢቱን አየሁ፤ አሥራ አራት ነው። ከዚያ ምን እንደተለወጠ በሐሳቤ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ውኃው ያው፣ አሸዋው ያው፣ አምፖሉ ያው። የጠፋው ሙዙ ብቻ ነው። ምዜ አበባ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፍራፍሬ ይዤ እንዳልገባ ከልክሎኝ ነበር፤ "ፍሬ ሲበስል የሚተነፍሰው ጋዝ አበባውን ያደክመዋል" ብሎኛል። እኔ ክልከላው ለዚያ ክፍል ብቻ መስሎኝ ነበር። አዲስ ጂን የሚባል ነገር አልነበረም። የኔ ምሳ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። በዚያ ቀን ወደ ዶክተሩ አልሄድኩም። ፈቃዳችን ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ብሩክም አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው። ከሞላው በኋላ የሚኖረው በኔ ወረቀት ሥር ተማሪ ሆኖ ነው፤ የኔ ወረቀት ከወደቀ እሱም ይወድቃል። ትሪውን ሸፈንኩ። ስወጣ ገበያ ገባሁና፣ ጾም ሳይኖር፣ የበሰለ ሙዝ ገዛሁ። በማግሥቱ አዲስ ዘር ዘርቼ ሙዙን ከጀርባው አስቀመጥኩት። ዶክተሩ ፎቶውን ያንሣ፣ ይሂድ፣ ደብዳቤዬን ይፈርም አልኩ።

ለብሩክ ነገርኩት። ለማን ልንገር?

"እማዬ፣ ሲሪየስ ነሽ? በሙዝ?" ብሎ ሳቀ። የኔን ፊት ሲያይ ተወው። "እሺ፣ ዝም ካልሽ ማን ያውቃል?"

"አንድ ሌላ ሰው ዘሩን ወስዶ ሲዘራው ያውቃል።"

"ያኔ እሱ ይጠየቅበታ። ዶክተር ሆኖ ካላወቀ ያንቺ ጥፋት ነው?"

"የኔ ነው እንጂ። ሙዙን እሱ አስቀመጠው?"

"ባስ፣ ንገሪዋ" አለኝ። ባስ በስዋሂሊ በቃ ማለት ነው። "ስለኔ አታስቢ። እኔ የትም እሆናለሁ።"

"የት ትሆናለህ?" አልኩት።

ምዜ ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት ተመለሰ። ጨለማውን ክፍል ከፍቶ አንድ እርምጃ እንደገባ ቆመና አሸተተ።

"ጾምሽ አላለቀም እንዴ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ መጨረሻ የገዛሁትን ሙዝ ጭምር። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። የከፋው ግን አለመቆጣቱ ነው። ሦስቱንም ቁም ሳጥን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ።

"ምስክሩ የት አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"እንግዲያው አሁን የነገርሽኝ ወሬ ነው። አዲስ ጂን ማለቱም ወሬ ነው። ወሬ ይዘሽ ዶክተር ቢሮ አትገቢም።"

ለማታለል የገዛሁትን ሙዝ አውጥቼ ለሥራ ያዋልኩት ያን ጊዜ ነው። በሁለት ቁም ሳጥን ውስጥ አሥራ አራት ቁጥርንና ተራውን አተር ጎን ለጎን ዘራሁ። አንደኛው ውስጥ ስድስት የበሰለ ሙዝ አስገባሁ፤ ሁለተኛው ውስጥ ምንም። ሳምንት ጠበቅሁ። ሙዝ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለቱም ዘር አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ወደ ጎን ተኛ፤ አሥራ አራት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ተራውም። ሙዝ የሌለበት ሁለቱም ቀጥ አለ። "አሁንስ?" አልኩት ምዜን። "አሁን አዙሪው፤ ሰው ጥፋቱን በቁም ሳጥኑ ሊያላክክ ይችላል" አለኝ። ቁም ሳጥኖቹን ጠርጌ አናፈስኳቸው፤ አዲስ ሙዝ ወደ ሁለተኛው ገባ፣ አንደኛው ባዶ ሆነ። ሌላ ሳምንት። መተኛቱ ሙዙን ተከትሎ ሄደ። ቁመቱን፣ ውፍረቱን ሁሉ በክር ለክቼ ጻፍኩ። በሕይወቴ ያንን ያህል ጥንቅቅ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልረዳኝም፤ ምዜ በሩ ላይ ቆሞ ከማየት በቀር እጁን አላስገባም።

ዶክተሩ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁለት ትሪ ተሸክሜ ቢሮው ገባሁ። ምዜ ከኋላዬ ነበር።

"ይህ ምንድነው?" አለ ዶክተር ዴሳይ።

"አሥራ አራት ቁጥር ነው። ሁለቱም።"

የተኛውን አየ፣ የቆመውን አየ። መነጽሩን አወለቀ።

"ልዩነታቸው ምንድነው?"

"ይኼኛው ከሙዝ ጋር ነው ያደገው፣ ዶክተር። የመጀመሪያዎቹም ከሙዝ ጋር ነበሩ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ከትሪው ጀርባ።"

"ስንት ሙዝ?"

"ያኔ አልቆጠርኩም። በዚህኛው ስድስት።"

"ለምን ሙዝ?"

"ጾም ነበር።"

ወደ ምዜ ዞረ። ምዜ "ጾም ነበር" አለ።

ደብተሬን ሰጠሁት። ገጽ በገጽ፣ ማዞሬን ጨምሮ፣ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀስ ብሎ "ኤትሊን" አለ፣ ለራሱ። "የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ለተክሉ ሆርሞን ነው። ይህን እኔ ለተማሪ አስተምራለሁ፣ ማማ ብሩክ። በየዓመቱ አስተምራለሁ።" ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ብቻ አልነበረም። "ውጡ" አለን።

ጉዞውን ሰረዘ። ለፕሮፌሰሮቹ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ለኔ ግን ቃል አልተናገረም፤ ሳልፍ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሣም። የኔ ደብዳቤ ያልተፈረመ ወረቀት በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ምዜን "ግባና ለምንልኝ" አልኩት። "አልገባም። የሠራሽው ሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እኔ ከገባሁ ልመና ይሆናል" አለኝ። በዚያ ቀን ጠላሁት። ቤት ስገባ የብሩክን ልብስ አጥፌ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ።

ፈቃዱ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ዶክተሩ አስጠራኝ። ደብዳቤውን የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። "በአንድ ሙዝ፣ በሦስት ሙዝ፣ በስድስት ሙዝ አድርገሽ ዝሪልኝ። ምስክር በየቁም ሳጥኑ ይኑር። ለተማሪዎች ማሳያ ነው" አለኝ። "እሺ" ብዬ ልወጣ ስል የታሸገ ፖስታ ዘረጋልኝ። "ይህን ለመኖሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ።" ምን እንዳለበት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የታሸገ ነገር መክፈት አልደፈርኩም። አሰናብቶኝ ይሆናል ብዬ፣ ግን ደግሞ አሰናብቶኝ ከሆነ አተሩን ለምን ዝሪ አለኝ እያልኩ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። አተሩን ግን ዘርቼ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ የሄድነው ከብሩክ ጋር ነው። ከጠረጴዛው ኋላ የነበረችው ኃላፊ መነጽሯን ያንጠለጠለች ሴት ናት። ፖስታውን ቀደደችና አነበበች። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች።

"ሥራሽ ምንድነው?" አለችኝ።

ብሩክ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት እጇን አነሣች። "አንተን አልጠየቅኩም።"

በዚያች በተሰባበረች ስዋሂሊዬ "አተር አበቅላለሁ። በጨለማ ክፍል" አልኳት።

"በጨለማ ለምን?"

"ብርሃንም ተክልን ይለውጣል። ብርሃን ካለ የቱ ከብርሃን እንደሆነ፣ የቱ ከሆርሞን እንደሆነ፣ የቱ ከዘሩ እንደመጣ አይለይም። ብርሃኑን ስናወጣው ሁለቱ ይቀራሉ። ከዚያ እነሱን መለየት ነው።"

"ትለያለሽ አንቺ?"

"እለያለሁ" አልኩ።

ደብዳቤውን ወደኔ አዞረችውና በጣቷ እያሳየች በስዋሂሊ ነገረችኝ። "ዶክተርሽ የጻፈው አጭር ነው። 'ጥፋት ሠርታለች። ጥፋቱን ራሷ አረጋግጣ አምጥታለች። የጨለማው ክፍል ኃላፊ ናት' ነው የሚለው። በእንደዚህ ያለ ደብዳቤ ሰው ሲያስፈቅድ አይቼ አላውቅም።" ማኅተሙን አነሣችና የኔን ወረቀት መታችው። ከዚያ ብሩክን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ያን አስተያየት የት እንዳየሁት አውቃለሁ።

"ይሄ ረጅሙስ?"

"ልጄ ነው። ተማሪ ነው።"

"አባቱን ነው የመሰለው?"

"አባቱን ነው።"

የሱንም መታችው። የአንድ ሳይሆን የሁለት ዓመት ፈቃድ።

ወጣን። ብሩክ እየሳቀ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ አስቆመ፤ መሐል መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያገሬ ሰዎች ምን ሠራሽ ሲሉኝ የምመልስላቸው የዚያን ቀን መልሴን ነው፤ በሰው ፊት ቆሜ የማውቀውን ነገር የተናገርኩበትን። ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም ነበር። ዌስትላንድስ ደርሰን ስንወርድ ብሩክ "እማዬ፣ አሁን ልቀቂኝ፤ ሰው እያየን ነው" አለኝ። ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ጀምሮ እጅጌውን ጨብጬ ይዤው ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው።